«ማን ምን አደረገ» የሚለው ገጽ

በዚያ መሥሪያ ቤት እንደ ጭምቱ ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። መጀመሪያ ሲቀጠር የተመደበው፣ የሰው ነገር ያስቃል፣ ስልክ ማንሻው ክፍል ነበር። ስልኩን ያነሳል፤ ደዋዩ ችግሩን ተናግሮ ይጨርሳል፤ ጭምቱ ያስባል። ሲያስብ ደግሞ ትንፋሹም አይሰማ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ይዘጋዋል። አንድ ቀን ከጎኑ የምትቀመጠው እትዬ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አወረደችና፣ «አንተ ጭምት፣ ኧረ ሌላው ቢቀር ሳል በል፤ ሰውየው ሞተብኝ ብሎ ዘጋው እኮ» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ጭምቱ ሆኖ ቀረ።

እትዬ የክፍሉ ኃላፊ ናት። መሥሪያ ቤቱ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ድረ ገጽ ይሠራል፤ ሕመምተኛ ከቤቱ ሆኖ ቀጠሮ ይይዝበታል፣ የመድኃኒት ማዘዣ ያሳድስበታል፣ የምርመራ ውጤቱን ያይበታል። ያው ማየት የሚችል ያያል። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ስክሪን በነካ ቁጥር የሆነ ነገር ያጠፋ እየመሰለው የሚርበተበት ግን ለእትዬ ይደውላል። እሷ ዘንድ «እንደ ደንበኛው ግባ» የምትል ቁልፍ አለች፤ ተጭናት በሰውየው ቦታ ትገባለች፣ ቀጠሮውን ታስተካክላለች፣ ትወጣለች። «አይዞዎት አባቴ፣ አለቀ» ትላለች። ስንቱን አዛውንት እንዲህ እያለች እንዳሻገረች እሷም አታውቀው።

ጭምቱን ከስልኩ ያላቀቀችውም እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ ሊያሰናብተው ሲዘጋጅ ቢሮው ገብታ፣ ይህ ልጅ ከሰው ጋር ባያወራ ከማሽን ጋር ያወራል፣ እስቲ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ጋ ይሞከር ብላ ተሟገተችለት። ተሞከረ፤ ተማረ፤ ጎበዝም ወጣው። እናቱ የሞተች ጊዜ ደግሞ፣ ባልደረባው ሁሉ የሚለው ጠፍቶት በሩቁ ሲያልፈው፣ እትዬ በየቀኑ ምሳዋን ይዛ ጠረጴዛው ጥግ ትቀመጥና ምንም ሳትናገር አብራው ትበላ ነበር። ሁለተኛ እናቴ ነሽ ብሏት አያውቅም። ጭምት ነዋ፤ ሆዱ ውስጥ ግን እንደዚያ ነበር።

እሷ ራሷ አላገባችም፣ አልወለደችም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እጇ ላይ የቀረች ታናሽ እህት ነበረቻት፤ እሷን ስታሳድግ ዕድሜዋ ሄደ። ታናሽየዋ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለቱ በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ልጅቷን ሳያያት ያውቃታል፤ ጉንፋኗን፣ ፈተናዋን፣ የመጀመሪያ ደንበኛዋን፣ በኋላም እጮኛዋን። እትዬ «ልጄ» ካለች እሷን ማለቷ ነው። ጭምቱም አልፎ አልፎ እሑድ እነሱ ቤት ይበላል፤ ሁለቱ እያወሩ፣ እሱ እየሰማ።

ነገሩ የመጣው በቅን ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጉድ የሚገባው በዚያው በር ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ሰብስቧቸው፣ ሰው በገዛ መረጃው ላይ ማን ምን እንዳደረገ የማወቅ መብት አለው አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሲገባ አንድ ገጽ ይጠብቀው፤ ቀጠሮውን ማን እንደቀየረ፣ ማዘዣውን ማን እንዳሳደሰ፣ ፋይሉን ማን እንደነካ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ያንብብ። የገጹም ስም «ማን ምን አደረገ» ይሁን። ሥራው ለጭምቱ ተሰጠ፤ ምክንያቱም ሎግ ማንበብ የሚወድ እሱ ብቻ ነበር።

ሎግ ማለት ማሽኑ ለራሱ የሚያጉተመትመው ነገር ነው። ማን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን እንደነካ፤ ለአንዱ ድርጊት አንድ መስመር። ማሽኑ አይመርጥም፣ አይረሳም፣ ለምን ብሎም አይጠይቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሎግ የሁለቱም ልጅ ነው። ጭምቱ ከዚህ ማጉተምተም የሰው ቋንቋ ማውጣት ነበረበት፤ እና ደስ አለው። በአፉ የማይወጣለትን ዓረፍተ ነገር በጣቱ መሥራት ጀመረ። «እገሌ ቀጠሮዎን ወደ ማክሰኞ አዛውሯል።» «እገሊት ማዘዣዎን አሳድሳለች።» አንዱን ቃል ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል፣ ለብቻው ፈገግ ይላል።

«ውጤት ተከፈተ» የሚለው መስመር ጋ ሲደርስ «የውጤት ገጽዎ ተከፍቷል» ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ አይቶ አልወደደውም። ይሄ የበር ወሬ ነው፣ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሰውን ነው አለው። ጭምቱ አልተከራከረም፤ ተከራክሮ አያውቅም። «እገሊት የምርመራ ውጤትዎን አይታለች» ብሎ አስተካከለው። ከሁሉም ዓረፍተ ነገሮች ቀጥ ብሎ የሚነበብ እሱ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ረስቷል፤ የረሳው ደግሞ በየቀኑ የሚያየውን ነው። ድረ ገጹ ድሮ ቀርፋፋ ነበር። ያንን ለማዳን ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ አንድ ብልሃት አበጅተው ነበር፤ ሰው ገና ከመግባቱ ማሽኑ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ከየጓዳው አምጥቶ ይጠብቃል። ቀጠሮውንም፣ ማዘዣውንም፣ የውጤቱንም ዝርዝር። የገባው ሰው ቀጠሮ ብቻ አይቶ ቢወጣም፣ ሎጉ ላይ «ውጤት ተከፈተ» ተብሎ ይጻፋል። የከፈተው ማሽኑ ነው፤ ስሙ የሚመዘገበው ግን የገባው ሰው ነው። ማሽኖቹ እስካጉተመተሙ ድረስ ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር። ጭምቱ አፍ ሰጣቸው።

ገጹ ለሕዝብ የተከፈተ ዕለት ስልኩ ጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሰው ሁሉ ገጹን ሲከፍት አንድ ስም ያያል፤ ደጋግሞ ያየዋል። ቀጠሮ አስተካክላ በወጣች ቁጥር የእትዬ ስም ከነአባቷ «የምርመራ ውጤትዎን አይታለች» ከሚለው ጋር ቁጭ ብሏል። የሚደውሉት ደግሞ የት ነው? እትዬ ጋ ነው። ጭምቱ ውሃ ሊቀዳ ሲያልፍ ሰማት። አንዲት ሴት በወዲያ በኩል ትጮኻለች፤ እትዬ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ይህቺ ሴትዮ ማን ናት ነው ያሉኝ?» አለች እትዬ። «እኔው ነኝ እናቴ።»

ሴትዮዋ ዘጋችባት። ሌላ ስልክ ጮኸ፤ አነሳች። ጭምቱ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ፤ ውሃው ሞልቶ እጁ ላይ ፈሰሰ። እንዴት እንደሆነ ገና በዚያች ቅጽበት ገባው። ሮጦ ገጹን ዘጋው። ግን የተነበበ ነገር ተነብቧል። ሥራ አስኪያጁ የእትዬን ስልክ አስነቀለ፤ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሻል ተባለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ይበቃው ነበር። በማግስቱ ግን ታናሽ እህቷ መጣች።

እሷም የዚያው ክሊኒክ ሕመምተኛ ናት። ከሠርጓ በፊት ማንም ሳያውቅ ተመርምራ፣ ልጅ መውለድ እንደማትችል ተነግሯት ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእጮኛዋም፣ ለእህቷም። ቀኑን እየጠበቀች፣ ቃሉን እያዘጋጀች ሳለ የእጮኛዋ እናት ቤቷ ድረስ መጥታ፣ መካን ለልጄ አላስገባም ብላ ሠርጉን አፈረሰችው። ልጅቷ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ትዞር ነበር፤ ማን ነገራቸው? እና «ማን ምን አደረገ» የሚለውን ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ስትከፍት ያሳደገቻትን እህቷን ስም አገኘች። የገጹን ፎቶ የያዘ ስልኳን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ አቤቱታዋን በቃል ተናገረች፤ በሩ ላይ በተቀመጠችው በእትዬ አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ አላየቻትም። የዚያኑ ዕለት ዕቃዋን ሰብስባ ጓደኛዋ ጋ ገባች።

እትዬ የሆነችውን ያየ ሰው ሥራዋን ስላጣች የምታዝን አይመስለውም ነበር። ከቤት ወጥታ እየመጣች፣ የታገደችበት ክፍል በር ላይ ያለች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሂጂ የሚላት አልነበረም። ምሳ አትበላም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇ ይንቀሳቀሳል።

ጭምቱ ይህን አይቶ አበደ ማለት ይቻላል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳያንኳኳ ገብቶ ዓመት ሙሉ ያላወራውን አወራ። አላየችም አለ። ማሽኑ ነው፣ አስቀድሞ የሚያመጣው እሱ ነው፣ እሷ ቀጠሮ እንጂ ውጤት ነክታ አታውቅም። ማስረጃም አለኝ አለ። የውጤቱ ወረቀት በፎቶ ተነስቶ የሚቀመጠው ሌላ ማሽን ላይ ነው፤ ከዚያ ማሽን አስቀድሞ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሰው በጣቱ ነክቶ «ወረቀቱን አሳየኝ» ካላለ ፎቶው አይንቀሳቀስም። የራሱ ሎግ አለው። እዚያ ላይ የእትዬ ስም እንደሌለ አሳያለሁ፤ ካለ እኔን አባሩኝ አለ።

«አይተኸዋል?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

አላየውም ነበር። ሎጉን ገና አልከፈተውም። ግን ጭምቱ እትዬን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቃት ይመስለው ነበርና «ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደስ አለው፤ እንግዲያው ሐሙስ እህቷም ትጠራና አንድ ላይ እንየው፣ በፊቷ ነጻ ትውጣ አለ።

ከዚያ ጭምቱ ወደ እትዬ ሄደ፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሁሉን ነገራት።

«ተው፣ አትድከም» አለች። «ይቅርብኝ።»

«አይቀርብሽም። ማሽኑ ሁሉን ጽፎታል፤ አወጣዋለሁ።»

«ሁሉን ይጽፋል?»

«አንድ አይቀረውም።»

እትዬ እጆቿን ተመለከተች። ጭምቱ ይህን የተበደለ ሰው ድካም አድርጎ ወሰደው። እዚህ ላይ እኔ በዚህ ልጅ እናደዳለሁ። ሴትየዋ አጠገቡ ናት፤ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ «አይተሽ ነበር ወይ?» ማለት ትንፋሽ አይጨርስም። እሱ ግን ሰው ከመጠየቅ ማሽን መጠየቅ ይቀለዋል። ዝም አይነቅዝም ሲሉት አድጎ አምኖበታል።

የፎቶው ማሽን ሎግ በቀላሉ አልተገኘም። ሰርቨሮቹን፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥባቸውን ማሽኖች፣ የሚጠብቀው ሰውዬ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት የሚመስል፣ ያ ሎግ እኮ ቦታ እንዳይዝ በየጊዜው ይጠረጋል አለው። ጭምቱ እባክህ አለ። ሰውየው ባልተጠረገ የመጠባበቂያ ቅጂ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ልይ ብሎ ገባ፤ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና እባክህ አለው፤ ለሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው በዚያ ጠባብ፣ ማራገቢያ በሚጮኽበት ክፍል ቆሞ ሲለምን ድምፁ ተሰበረ። ሰውየው ደነገጠ። በአሮጌ ዲስኮች መካከል ፈልጎ ፈልጎ አንዱን አነሳ። ሰክተው ቢያዩት ሎጉ እዚያ ላይ ነበር።

ጭምቱ ተቀምጦ ፈለገ። በመጀመሪያ የጮኸችባትን ሴት ፋይል አየ፤ ምንም የለም። የእትዬ ስም የለም። ቀጥሎ አባቴ እያለች የምታስተናግዳቸውን አዛውንት፤ የለም። አንድ በአንድ፣ የደወለው ሁሉ፣ ያልደወለውም፤ የለም፣ የለም፣ የለም። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ጓዳ ስትገባና ስትወጣ አንድ ወረቀት ገልጣ አላየችም። ጭምቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነና ሳቀ። ሊነሳ ሲል የታናሽ እህቷን ፋይል ገና እንዳላየ ትዝ አለው።

አለች።

አንዴ አይደለም። የመጀመሪያው ወረቀት ተከፍቷል፤ ሁለተኛው ተከፍቷል፤ ከዚያ የመጀመሪያው እንደገና። ሰው ያነበበውን ሳያምን ሲቀር እንደሚያደርገው። የእትዬ ስም፣ የእትዬ ኮምፒዩተር። ውጤቱ በወጣ ማግስት።

ጭምቱ አልተቀበለውም። የማሽኑ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል አለ፤ አልተዛባም። ፎቶውም አስቀድሞ ሳይመጣ አልቀረም አለ፤ የገዛ ራሱን ገጽ ከፍቶ ሞከረ፤ ጣቱ ካልነካ ፎቶው አይመጣም። ሌላ ሰው በስሟ ገብቶ ይሆናል አለ፤ ማን ይገባል፣ ለምን ይገባል? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ያ ሁሉ ነጻ የሚያወጣት ማስረጃ፣ በልመና ላገኘው ዲስክ ምስጋና ይግባውና፣ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ይከሳታል፤ በዚያው በተከሰሰችበት ላይ።

ሦስት መስመር ናቸው። ማጥፋት ይችላል። ዲስኩን ያገኘው እሱ፣ የሚያነበው እሱ፣ ሐሙስ የሚያሳየውም እሱ ነው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ቢያጠፋው እንጀራዋም ስሟም ይተርፋል፤ እህቷም ትመለሳለች። ላጥፋው ብሎ ቆረጠ፤ ግን ሳይነግራት እጁ እምቢ አለው። ሐሙስ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ደረጃው ላይ አገኛት።

«ሦስት መስመር አገኘሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ላጠፋቸው እችላለሁ። ማንም አያውቅም።»

እትዬ የደረጃውን ብረት ያዘች። ዓይኗ ውስጥ ተስፋ የመሰለ ነገር መጣ፤ ጭምቱ አየው፤ እሺ ልትለው ነበር። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እየመነመነችብኝ ነበር» አለች። «የበላችውን ትተፋለች፣ ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ነው። ልጠይቃት ፈራሁ፤ እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ። እና ገባሁ። ላንተ ልነግርህ ነበር፤ አንተ ግን እንደዚያ አምነኸኝ ሳይህ አቃተኝ።» የደረጃውን ብረት ለቀቀች። «ተዋቸው። አንዴ ከጀርባዋ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።»

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ውሃ አስመጥቶ ነበር። ታናሽየዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ለመሄድ የተዘጋጀች ትመስላለች። እትዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ጭምቱ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቆመ፤ ከደወሉት ሕመምተኞች የአንዱንም ወረቀት አላየችም አለ። ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ጭምቱ ግን የሚቀጥለውን መናገር አልቻለም። ሥራ አስኪያጁ «እሺ፣ የእሷስ?» ብሎ ወደ ታናሽየዋ ሲያመለክት እትዬ ቀደመችው።

«የእሷን አይቻለሁ። ውጤቱ በወጣ ማግስት ነው። ለሰው ግን አልተናገርኩም።»

ታናሽየዋ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

«በማግስቱ?» አለች።

«በማግስቱ።»

«ያን ጊዜ እኮ አንድ ገበታ ነው የምንበላው። ማታ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። የሠርጉን ቀሚስ ስሰፋ መርፌ ታቀብይኛለሽ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ብቻዬን መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንቺም ታውቂ ኖሯል። ለእነሱ አለመንገርሽን አምናለሁ። ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

እትዬ ያየችው እንዳይታወቅባት ብላ ነበር ዝም ያለችው፤ ይህን ደግሞ ለሰው እንዴት ይሉታል? ታናሽየዋ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ተነስታ ወጣች። በሩን እንኳ አላላተመችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

እትዬ ከሥራ ተሰናበተች። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁም ሲነግራት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ለሕመምተኞቹ ሁሉ ይቅርታ ተጻፈላቸው፤ ሠራተኛዋ ውጤትዎን አላየችም፣ ስህተቱ የሲስተሙ ነው ተባለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል። ገጹ ተስተካክሎ እንደገና ተከፈተ፤ «የውጤት ገጽዎ ተከፍቷል» ይላል አሁን፤ የወረቀቱን ፎቶ ሰው በጣቱ ካልከፈተው በቀር «አይታለች» አይልም። ጭምቱ እውነቱን በማውጣቱ ስብሰባ ላይ ተመሰገነ፤ ጭብጨባው ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ። ለእጮኛዋ እናት የነገራት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰው ለሰው ጆሮ የሚለው ነገር ሎግ የለውም።

እትዬን ለማየት የሄደው ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ። የታናሽየዋ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል፤ የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እትዬ ሻይ ቀዳችለት፤ አልጠጣችም። ስለ ሥራው ጠየቀችው፣ ስለ ሰርቨር ጠባቂው ጠየቀችው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። ከዚያ ፊቱን ሳታይ ተናገረች።

«ስልኬን አታነሳም። ያረፈችበትም ቤት ብሄድ የለችም ይሉኛል። አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን?»

«ውጤት አይደለም፣ ምንም አይደለም። ገጿን ከፍታ እንደሆነ ብቻ እይልኝ። ትናንትም ይሁን ዛሬ። ከከፈተች አለች ማለት ነው፤ እሱ ይበቃኛል።»

ኮምፒዩተሩ ቦርሳው ውስጥ ነበር። የሚፈጅበት ጊዜ ጫማ ከማሰር አይበልጥም፤ የታናሽየዋ ስም ያለበትን መስመር ጠርቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «አለች» ማለት ብቻ ነው። እሺ ማለት አልቻለም፤ እምቢ ማለትም ከዚያ የከበደ ሆነበት። ቦርሳውን በእግሩ ገፋ አደረገና ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ለታናሽየዋ ደወለ። እትዬ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች።

ታናሽየዋ አነሳች።

«እህትሽ ጋ ነኝ» አላት ጭምቱ። «ደህና መሆንሽን ማወቅ ትፈልጋለች።»

በወዲያኛው በኩል የስፌት መኪና ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«አንተን ለምን ትጠይቃለች?» አለች። «እኔን ትጠይቀኝ። አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።»

ጭምቱ ስልኩን ለእትዬ ዘረጋላት። ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን አላወቀችም። ታናሽየዋ አልዘጋችም፤ ትጠብቅ ነበር።